ኳሱን የት እናያለን?

በእኛ ሰፈር ትልቅ ጨዋታ ሲደርስ ቀድሞ የሚጠየቀው «ማን ያሸንፋል?» አልነበረም፤ «የት ነው የምናየው?» ነበር። ጥያቄው አጭር ይሁን እንጂ መልሱ ሰፈሩን ሁሉ ያስቃኛል። ማን ቴሌቪዥን አለው? ካለው ሰው ጋር ማን ተኳርፏል? የማን እናት ልጅ ሲበዛባት ትበሳጫለች? የማን አባት ዜና እንዳለቀ መብራት አጥፍቶ ይተኛል? ያኔ ያየኋቸውን ጎሎች ዛሬ ስልኬ ላይ ፈልጌ ደጋግሜ ላያቸው እችላለሁ። ፈልጌ የማላገኘው ያየሁባቸውን ቤቶችና የቤቶቹን ባለሥልጣናት ነው። ባለሥልጣን ያልኩት አውቄ ነው። ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ሁሉ ሥልጣን አለ፤ ይህን ያልተረዳ ሰው በሰው ቤት ኳስ አይቶ አያውቅም ማለት ነው።

ጉለሌ ልጅ ሳለሁ ሥልጣኑ የሃምሳ አለቃ ነበር። ስማቸውን የሚጠራ አልነበረም፤ ለትልቁም ለትንሹም «ሃምሳ አለቃ» ናቸው። ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥናቸው ባለ ሁለት መዝጊያ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ይኖራል። ላዩ ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ከአበባው ጎን የሃምሳ አለቃ የወጣትነት ፎቶ። ሳጥኑ ይቆለፋል። ቁልፉ የባለቤታቸው የእትዬ መቀነት ጫፍ ላይ ተቋጥሯል። እንግዲህ እውነቱን ከተናገርን ሥልጣኑ የእትዬ ነበር። እሳቸው ከከፋቸው፣ ወይም በአስቤዛ ገንዘብ ከሃምሳ አለቃ ጋር ካልተስማሙ፣ ዓለም ሁሉ ቢሰበሰብ ያ ሳጥን አይከፈትም።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ ቀለም የገባው በ1977 ዓ.ም. መባቻ፣ አብዮቱ ዐሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር ነው። ቀለሙ ከጣቢያው ተነስቶ ጉለሌ እስኪደርስ ግን ጊዜ ወስዶበታል። በ1982 ዓ.ም. የጣሊያኑ የዓለም ዋንጫ ሲመጣ እኛ አሁንም ጥቁርና ነጭ ላይ ነበርን። የካሜሩኖች ማሊያ አረንጓዴ፣ ቁምጣቸው ቀይ፣ ካልሲያቸው ቢጫ መሆኑን የነገረን ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ያለው የክፍላችን ልጅ ነው። የራሳችን ባንዲራ ቀለማት ናቸው ብለን፣ በዚያው ቀን ካሜሩንን አገራችን አደረግናት።

ሰኔ 1 ቀን ምሽት የማራዶና አርጀንቲና ውድድሩን ከካሜሩን ጋር ስትከፍት እትዬ በራፉ ላይ ቆመው እግር ይመረምሩ ነበር። ጫማ ውጭ ይወልቃል። እግሩን ያልታጠበ ወደ ቧንቧ ይመለሳል፤ ታጥቦ ሲመጣ ቦታው ተይዟል። ትልልቆቹ ወንበር ላይ፣ እኛ አጎዛ ላይ። ከፊት የተቀመጠ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ካላደረገ ከኋላ ኩርኩም ይመጣል፣ የማን እጅ እንደሆነ አይጠየቅም። ካሜሩኖች ሁለት ሰው በቀይ ካርድ ወጥቶባቸው በዘጠኝ ሲጨርሱ፣ የኦማም ቢይክ የጭንቅላት ኳስም የዓለም ሻምፒዮኗን 1 ለ 0 ስትጥል፣ ያ ሁሉ ሥርዓት ፈረሰ። ዳንቴሉ ወደቀ፣ አበባው ወደቀ፣ የሃምሳ አለቃ ወጣትነትም አብሮ ወደቀ። እትዬ ግን አልተቆጡም። እሳቸውም ከሰው ጋር ቆመው ይጮኹ ነበር።

የእንግሊዙ ጨዋታ ግን ሌላ ነው። ሰኔ 24 ቀን ማታ፣ ለግማሽ ፍጻሜ ለማለፍ። እኛ ጋ አራት ሰዓት ሆኗል፤ ዝናቡ አላባራም። አንቴናው የታሰረው ከቤቱ ጀርባ በተተከለ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ነው፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይዞራል፤ እሱ ሲዞር ሥዕሉ ይርመሰመሳል። ምሰሶውን የሚይዝ ሰው ተፈለገ። ከልጆቹ ሁሉ ረጅሙ እኔ ነበርኩ፤ ቁመት ጥቅም ብቻ ያለው የሚመስለው ካለ ይህን ይስማ። ጆንያ አጥልቀው ሰደዱኝ። ከውስጥ ትእዛዝ ይመጣል፦

«ትንሽ ወደ እንጦጦ!»

«አለፈ! መልሰው!»

«እዚያው! በቃ፣ እንዳትነቃነቅ!»

እንዳልነቃነቅ በታዘዝኩበት ምሰሶውን እንዳቀፍኩ ሮጀር ሚላ ከእረፍት በኋላ ተቀይሮ መግባቱን በጩኸቱ አወቅሁ። 38 ዓመቱ ነበር፤ ጎል ባገባ ቁጥር ወደ ማዕዘኑ ባንዲራ ሮጦ ወገቡን የሚያወዛውዘውን ጭፈራ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀው ነበር። ካሜሩን 2 ለ 1 መምራት ስትጀምር ቤቱ ተናወጠ፤ ሃምሳ አለቃ ሲያፏጩ ሰማሁ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሲያፏጩ አልሰማኋቸውም። ከዚያ ዝም አለ። ጋሪ ሊኒከር ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አግብቶ እንግሊዝ በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 እንዳሸነፈች ወጥቶ የነገረኝ ሰው የለም። ከዝምታው ርዝመት ነው የተረዳሁት።

ሥዕል ሳያዩ ጨዋታ መከታተል ለእኛ እንግዳ ነገር አልነበረም። ገና በ1980 ዓ.ም. የሴካፋ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ፣ ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ ዋንጫውን ስታነሳ፣ ብዙው ሰው ያንን ቀን የሚያስታውሰው በደምሴ ዳምጤ ድምፅ ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን አንድ ራዲዮ ከብበን፣ ደምሴ ትንፋሹ ሲያጥር ትንፋሻችን ያጥራል። ራዲዮ ደግ ነበር። ቁልፍ የለውም፣ እግር አያስመረምርም፣ ግድግዳ አያግደውም። ዛሬም ድረስ አንዳንድ ጎሎችን በዓይኔ ያየኋቸው ይመስለኛል፤ ቀኑን ሳሰላው ግን ያኔ በአቅራቢያችን ቴሌቪዥን አልነበረም።

ኳስ ቤቱን ይከፍለው ነበር፣ ወንዱ ሳሎን ሴቱ ጓዳ። ሩጫ ግን ሁሉንም ይሰበስባል። ሩጫ ሲኖር እትዬ ማንም ሳይለምናቸው ሳጥኑን ይከፍታሉ፤ እናቴም ነጠላዋን አጣፍታ ትመጣለች። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ የፍልሰታ ጾም በገባበት ዕለት ማታ፣ ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ እልልታው ከየትኛው ቤት እንደጀመረ ለማወቅ አይቻልም ነበር። ደራርቱ ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ማየርን ጠብቃ፣ ተቃቅፈው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ሲዞሩ እናቴ «እሷንም እናቷ እየጠበቀቻት ይሆናል» አለች። ደቡብ አፍሪካ ከረጅም የአፓርታይድ ማዕቀብ በኋላ ወደ ኦሊምፒክ የተመለሰችበት ጊዜ እንደነበር ትልልቆቹ እየተቀባበሉ ያስረዱ ጀመር። እናቴ ማብራሪያውን አልሰማችም፤ ዓይኗ የደራርቱ እግር ባዶ ይሁን ጫማ ያደረገ ለማየት እየታገለ ነበር።

ለአትላንታ ሌሊት መነሳት ነበረብን። የኃይሌ 10,000 ሜትር የደረሰው ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ፋጡማ ሮባ በማራቶን ያሸነፈችው ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ከሰዓት በኋላ። ሲድኒ ደግሞ ለእኛ እኩለ ቀን ላይ ወደቀች። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ነገ ደመራ ነው፤ መርካቶ በአደይና በችቦ ተጥለቅልቃለች። አንድ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ነጋዴ በሱቁ ያሉትን ቴሌቪዥኖች በሙሉ ወደ መንገዱ አዞራቸው። ይህ ሰው የማውቃቸው የቴሌቪዥን ባለሥልጣናት ሁሉ ቁንጮ ነው፤ ማንንም አልለየም፣ ምንም አልጠየቀም። ችቦ የተሸከመ፣ በግ የሚጎትት፣ ኩሊ፣ ደላላ፣ ትራፊክ ፖሊስ፣ ሁሉም እዚያ ቆሟል። የመጨረሻው ዙር ላይ ፖል ቴርጋት ቀደመ፤ ኃይሌ ደረሰበት፤ ስንት ዓይን አንድ ላይ ሲገፋው! 27:18.20 ለ27:18.29። ልዩነቱ ከሰከንድ መቶኛ ዘጠኝ ብቻ። በዚያው ኦሊምፒክ የወንዶች መቶ ሜትር እንኳ በአንደኛና በሁለተኛ መካከል ከዚህ የሰፋ ልዩነት ነበረው፤ እዚህ ግን ሃያ አምስት ዙር ተሮጦ ነው። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ በጉን ለቆት ኖሮ፣ ከእልልታው በኋላ በግ ፍለጋ ተሰማራን።

ከዚያ የዲኤስቲቪ ቤት ዘመን መጣ።

መጀመሪያ ቪዲዮ ቤቶች ነበሩ፤ የሕንድ ፊልም፣ የካራቴ ፊልም። ከዚያ ጣሪያቸው ላይ ሳህን ወጣና ግድግዳቸው ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቀለ። «ዛሬ 11:00 ማንቼ ከአርሴ»፣ በነጭና በቀይ ጠመኔ። የቆርቆሮ ግድግዳ፣ መስኮቱ በጨርቅ የተጋረደ፣ ጀርባ የሌለው አግዳሚ፣ የእግርና የላብ ሽታ፣ በር ላይ ሳንቲም የሚሰበስብ ልጅ። አንድ ብር ነበር፤ ሁለት ሆነ፤ ለትልቅ ጨዋታ ከዚያም በላይ። እንግሊዝ በጥቅምት ሰዓቷን ስታዞር ሰሌዳው ላይ 11:00 የነበረው 12:00 ይሆናል፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ባለቤቱ ሆን ብሎ ያዘገየ ይመስለው ነበር። ሌላም የሚያስቅ ነገር አለ። እንግሊዝ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በዚሁ ሰዓት የሚደረጉ ጨዋታዎች፣ ሰው ስታዲየም መግባቱን እንዳይተው ተብሎ፣ በቀጥታ በቴሌቪዥን አይታዩም። ለንደን የሚኖር ሰው የራሱን ከተማ ጨዋታ ማየት ሲከለከል፣ ጉለሌ ያለ የሊስትሮ ልጅ በሁለት ብር ያየው ነበር። ይህን ያወቅሁት ቆይቶ ነው፤ ባወቅሁ ጊዜ ያንን ሁሉ ላብ ይቅር አልኩ።

እዚህ ሥልጣኑ በሪሞት ነው። ባለቤቱ ሪሞቱን የኮቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ይከተዋል። ሁለት ጨዋታ ባንድ ሰዓት ሲሆን ድምፅ ይሰጣል፤ ግን ምርጫው ነፃ ነበር አልልም፣ ባለቤቱ የአርሴ ደጋፊ ነበርና። በ1996 ዓ.ም. አርሰናል 38 ጨዋታ ሳይሸነፍ፣ 26 አሸንፎ 12 አቻ ወጥቶ ሊጉን ሲጨርስ፣ ያ ቤት ለማንቼ ሰው የመከራ ቤት ነበር። ገንዘብህን ከፍለህ ትገባለህ፣ ተሰድበህ ትወጣለህ፣ ቅዳሜ ተመልሰህ ትመጣለህ። እኔ የማንቼ ነኝ። ከዚያ ዓመት ወዲህ የአርሴ ሰዎች የሊግ ዋንጫን በትዝታ ብቻ ሲያወሩ ዓመታት ማሳለፋቸው፣ አልደብቅም፣ አስደስቶኛል።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን ግንቦት 17 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። የግንቦት 7ቱ ምርጫ ካለፈ ዐሥር ቀኑ፤ ከተማው ጭንቀት ውስጥ ነው፤ ሰልፍ ታግዷል፤ ሦስትና አራት ሰው ቆሞ ሲያወራ ዞር ብሎ የሚያይ አለ። ዲኤስቲቪ ቤቱ ግን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ኢስታንቡል ላይ ሊቨርፑል ከሚላን፣ የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ። ገና ከእረፍት በፊት ሚላን 3 ለ 0 መራ። የቤቱ ሕግ የታወቀ ነው፤ የወጣ አይመለስም፣ የተመለሰ እንደገና ይከፍላል። የሊቬ ሰዎች ግማሾቹ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ከእረፍት በኋላ ጄራርድ፣ ስሚቸር፣ አሎንሶ፣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ሦስት! የወጡት ጩኸቱን መንገድ ላይ ሰምተው እየሮጡ ተመለሱ። በሩ ላይ ያለው ልጅ «ክፈሉ» አለ፤ እነሱ ይገፋሉ፤ ልጁ ይጮኻል፤ ባለቤቱ ተነስቶ ሄደና ጥቂት አሰበ። ከዚያ በሩን በሰፊው ከፈተው። «ግቡ፣ ዛሬ ግቡ» አለ። በመለያ ምት ዱዴክ የሼቭቼንኮን ኳስ ሲያድን የማንቼ ሰው የሊቬን ሰው አቅፎ ነበር። እኔም አቅፌ ነበር፤ ማንን እንደሆነ አላውቅም። በዚያ ሳምንት ሰው አቅፎ ለመጮህ ሌላ ቦታ አልነበረም። ስለ ኳስ ብቻ ነበር የጮኽነው ብል ግን ማንም አያምነኝም።

ሴት በዚያ ቤት አትገባም ነበር። ክልክል የሚል አልተጻፈም፤ መጻፍ አላስፈለገም። ታናሽ እህቴ ከእኔ ይልቅ ኳስ ታውቃለች፤ የተጫዋቾቹን ስም፣ ከየት ተገዝተው እንደመጡ፣ አሠላለፉን ሳይቀር ከጋዜጣ ታጠናለች። ግንቦት 23 ቀን 1994 ዓ.ም. ሴኔጋል ከፈረንሳይ የዓለም ዋንጫውን ስትከፍት «ዛሬስ እሄዳለሁ» አለች። በሥራ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ስለነበር ቤቱ እንደ ወትሮው አልሞላም። በሩን አልፋ ስትገባ ወሬው ቆመ። ባለቤቱ ደነገጠና የራሱን ባለ ድጋፍ ወንበር ሰጣት። ያን ቀን ስድብ አልነበረም፤ አንዱ ሊጀምር ሲል ሌላው በክርኑ ይነካዋል። ፓፓ ቡባ ዲዮፕ ሲያገባ ቀድማ የተነሳችው እሷ ነበረች። እውነቱን ለመናገር ጨዋታው ለሌሎቻችን ትንሽ ጭር ብሎብን ነበር፤ ስድብ የሌለበት ኳስ አልለመድንም። እሷ ግን ከዚያ በኋላ አልቀረችም። ወንበሩም የእሷ ሆነ፤ ስትዘገይ ባዶውን ይጠብቃታል።

ሰው ተሰብስቦ የሚያይበት ቤት ሁልጊዜ ደኅና አይደለም። ሐምሌ 4 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ የደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ማታ፣ ካምፓላ ውስጥ ኳስ ይታይባቸው በነበሩ ሁለት ቦታዎች ቦምብ ፈንድቶ ከሰባ በላይ ሰው ሞተ። ከሁለቱ አንዱ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ነበር። የሞቱት ወንበር አጠጋግተው ስፔንና ሆላንድን ሲያዩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። በማግሥቱ ሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት በር ላይ ኪስ የሚፈትሽ ልጅ ቆመ። ለጥቂት ሳምንት ፈተሸ፤ ከዚያ ተወው፤ እኛም አልጠየቅነውም።

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ደግሞ መጣ። ጥምቀት ካለፈ ሁለተኛው ቀን። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ትጫወታለች። ያን ቀን «የት ነው የምናየው?» ብሎ የጠየቀ የለም፤ በየደረስንበት ነበር የሚታየው፣ በየካፌው፣ በየድራፍት ቤቱ፣ በየባንኩ መጠበቂያ። ሳላዲን ሰዒድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ። ዛምቢያ አገባች። አዳነ ግርማ አስር ሰው ሆነን አቻ ሲያደርገን አንድ ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው አለቀሱ። ቀጥለን በቡርኪና ፋሶ አራት ለባዶ፣ በናይጄሪያ ሁለት ለባዶ መሸነፋችንን ማንም አያነሳብኝ።

ከዲኤስቲቪው ጎን ለጎን የዲሽ ሠሪዎች ሥልጣንም ነበር። ካርድ በየወሩ መሙላት ያልቻለ ሰው ዲሽ ሠሪ ይጠራል። ልጁ ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ ባለቤቱ ሳሎን ሆኖ ስልክ ይይዛል። «ኳሊቲ ስንት አለ?» «ስድሳ!» «አሁንስ?» «ጠፋ!» ቫርዚሽ የሚባል የታጂኪስታን ጣቢያ በየሰፈሩ የቤተሰብ ያህል የታወቀበት ጊዜ ነበር። ኮዱ በወረቀት ላይ ተጽፎ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ትልቅ ጨዋታ ሊጀመር ሲል ይቀየራል፤ አዲሱን ቀድሞ ያገኘ ዲሽ ሠሪ ያን ምሽት ንጉሥ ነው። ሕጋዊነቱን ለሕግ አዋቂ ልተወው። የታጂክ ቋንቋ ማንም አልተማረም፤ ግን ጋዜጠኛው ድምፁን ሲያነሳ ፍጹም ቅጣት ምት ይሁን ማዕዘን ምት በጆሯችን እንለይ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ናይልሳትን ትተው ወደ ኢትዮሳት ሲገቡ፣ ወደ ምዕራብ ያይ የነበረው የከተማው ዲሽ ሁሉ ወደ ምሥራቅ ዞረ። ዲሽ ሠሪዎቹ በዚያ ሰሞን ሠርግ የደገሱ ይመስለኛል።

በ2013 ዓ.ም. ሱፐርስፖርት የኢትዮጵያን ፕሪሚየር ሊግ በቀጥታ ማስተላለፍ ጀመረ። ቅዱስ ጊዮርጊስና ቡና ክልል ከተማ ሄደው ሲጫወቱ አዲስ አበቤው ደጋፊ ተቀምጦ ያያቸው ጀመር። መልካም ነገር ነበር። ግን ያን ጊዜ የእኛ ዲኤስቲቪ ቤት ተዘግቶ ነበር። ቦታው ላይ የውርርድ ቤት ተከፍቷል። አንድ ቀን አለፍ ስል ገባሁ። ግድግዳው ሙሉ ስክሪን ነው፤ ስክሪኑ ላይ ከኳስ ይልቅ ቁጥር ይበዛል። አንድ ወጣት ትኬት ጨብጦ ጥፍሩን ይነክሳል። እነማን ናቸው የሚጫወቱት አልኩት። «አላውቃቸውም ጋሼ» አለኝ፣ ዓይኑን ሳይነቅል፤ «ከሁለት ጎል በላይ ብቻ ይግባልኝ እንጂ»። ለማን ብሎ እንደሚጮህ ልይ ብዬ ጠበቅሁ። ለሁለቱም ጮኸ። በልጅነቴ ካሜሩንን አገሬ ያደረግኩት በካልሲ ቀለም ነበርና ብዙ የምፈርድበት ነገር የለኝም፤ ግን ሳልቀመጥ ወጣሁ።

ራሴን ችዬ ቴሌቪዥን ስገዛ ሥልጣን የያዝኩ መስሎኝ ነበር። ሪሞቱ የባለቤቴና የልጆቼ ነው። ማታ ማታ በአማርኛ የሚናገሩ ቱርኮች ሳሎኑን ይይዙታል፤ እኔ ስልኬን ይዤ ወጥ ቤት እገባለሁ። ጨዋታው በስልክ ይመጣል፤ ይቆማል፤ ይሽከረከራል፤ ሲመለስ ኳሱ ሌላ ቦታ ነው። ጎረቤቴ ጋ ካርድ አለ። የእሱ ጩኸት በግድግዳው በኩል ሲደርሰኝ እኔ ጋ ኳሱ ገና መሐል ሜዳ ላይ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ሜሪላንድ ይኖራል። መጀመሪያ ኬብል ነበረው፤ ከመቶ በላይ ጣቢያ፣ ዓሣ ሲጠመድ ብቻ የሚያሳይ ጣቢያ ሳይቀር። የእንግሊዝን ሊግ ኤንቢሲ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይዞታል፤ ግን አንዱ ጨዋታ በኬብል፣ አንዱ ፒኮክ በሚባለው በኢንተርኔት በሚከፈልበት አገልግሎት፣ አንዱ በነፃ በአየር ላይ ነው የሚመጣው። ወንድሜ ሒሳቡን አየና ኬብሉን አቋረጠ። መስኮቱ ላይ የሚለጠፍ ስስ አንቴና ገዛ። የአሜሪካ ጣቢያዎች ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዲጂታል ስለሚያሰራጩ፣ በአንቴና ከተያዙ ሥዕሉ የጠራ ነው፤ ካልተያዙ ደግሞ ጭራሽ የለም። የገዛው ቀን ደውሎ «አልያዘም፣ ምን ላድርግ?» አለኝ።

«ትንሽ ወደ እንጦጦ አዙረው» አልኩት።

ሳቀ፤ ከዚያ አዞረውና ያዘ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ለእሱ እኩለ ቀን ሲያልፍ ለእኔ ሲመሽ አንድ ጨዋታ እናያለን፤ እሱ በነፃ በአንቴና፣ እኔ ዳታ ገዝቼ በስልክ። የእሱ ቀድሞ ይደርሳል። ስንት ጎል አበላሸብኝ! በመጨረሻ ተዋዋልን፤ ጎል ሲገባ አይደውልም፣ አይጽፍም፣ ምንም አይልም። ባለፈው ሰሞን ማንቼ በአንድ ጎል እየተመራ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል፣ እኔ ጋ ኳሱ ገና በበረኛችን እጅ ሳለ፣ ስልኬ ነዘረና መልእክት ገባ።

«ምንም አላልኩም» ይላል።